ኳድራቲክ እኩልዮሽን በየትኛው መንገድ እንፍታ? ፋክተር፣ ካሬ መሙላት ወይስ ፎርሙላ

ቦታ ሲሸጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ካሬ ነው?» ብለን ነው። ካሬ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ግን ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆንና «ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር» የሚል ርዕስ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ያ «ስኩዌር» የምናውቀው ካሬ መሆኑን የሚነግረን እምብዛም አይገኝም። ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። «የመሃሉን ቁጥር ለሁለት አካፍል፣ ስኩዌር አድርግ፣ በሁለቱም በኩል ደምር» የሚለውን ሸምድጄ ፈተናውን አለፍኩ። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሌሎችን ማስጠናት ስጀምር።

አሁን የማስጠናቸው ልጆችም አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ያነሳሉ። «ፎርሙላው ሁሉንም የሚፈታ ከሆነ ሌላው ዘዴ ምን ያደርጋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ፎርሙላው በእርግጥ ሁሉንም ይፈታል። ግን ሁሉንም በአጭሩ አይፈታም። ደግሞ ፎርሙላው ራሱ ከየት መጣ ቢባል ከካሬ መሙላት ነው። ስለዚህ የትኛውን መቼ እንደምንመርጥ በምሳሌ እንየው።

ያልታወቀውን ቁጥር እዚህ ሸ እለዋለሁ። ደብተራችሁ ላይ ኤክስ ብላችሁ የምትጽፉት ማለት ነው። ሁለተኛ ያልታወቀ ሲመጣ ደግሞ የ እለዋለሁ፤ እሱ ዋይ ነው። ሀ፣ ለ እና ሐ የታወቁ ቁጥሮች ናቸው፤ ሸ የሌለበትን ሐን ቋሚው ቁጥር እንለዋለን። የኳድራቲክ እኩልዮሽ ጠቅላላ መልክ እንዲህ ይሆናል፦

ሀሸ² + ለሸ + ሐ = 0

መጀመሪያ እኩልዮሹን እዩት

ብዙ ተማሪ ጥያቄውን ሳይጨርስ እስክሪብቶ ያነሳል። እኔ የምመክረው አስር ሰከንድ እጅን ሰብስቦ ማየት ነው። የመሃሉ ሸ አለ ወይ? የሸ² ቁጥር 1 ነው ወይ? የመሃሉ ቁጥር ተጋማሽ (ኢቭን) ሆኖ ለሁለት ይካፈላል ወይ? ምርጫው ከሞላ ጎደል እዚሁ ያልቃል።

የመሃሉ ሸ ከሌለ ምንም ዘዴ አያስፈልግም። 3ሸ² = 48 ከሆነ ሸ² = 16 ነው፤ ሸ = ±4። (ሸ − 3)² = 7 የሚለውም ያው ነው። ስኩዌር ሩቱን ወስዳችሁ ሸ = 3 ± √7 ትላላችሁ፣ አለቀ። እንዲህ ያለውን በትኖ፣ እንደገና ሰብስቦ፣ ከዚያ ፎርሙላ ውስጥ የሚከት ተማሪ ደጋግሜ አይቻለሁ። በሩ ክፍት ሆኖ በመስኮት መግባት ነው።

ቋሚው ቁጥር ከሌለስ? ሸ² = 5ሸ ሲባል ሁለቱንም ጎን ለሸ ማካፈል በጣም ያጓጓል። አታድርጉት። ካካፈላችሁ 5ን ታገኛላችሁ፣ 0 ግን ይጠፋችኋል። ወደ አንድ ጎን አምጡና ሸ(ሸ − 5) = 0 ብላችሁ ጻፉ። መልሱ 0 እና 5 ነው።

ፋክተር ማድረግ ሲሳካ የሚያህለው የለም

ፋክተር ማድረግ ማለት እኩልዮሹን የሁለት ቅንፎች ብዜት አድርጎ መጻፍ ነው። ሸ² + 7ሸ + 12 = 0 ሲሰጣችሁ ተባዝተው 12፣ ተደምረው 7 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ትፈልጋላችሁ። 3 እና 4። (ሸ + 3)(ሸ + 4) = 0 ይሆናል፤ መልሱ −3 እና −4። ይህን በሌላ መንገድ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው።

ችግሩ ፋክተር ማድረግ እንደማይሳካ ቀድሞ አይናገርም። ይህን ተመልከቱ፦

ሸ² − 24ሸ − 481 = 0

ስለ 481 ምን ታውቃላችሁ? ለ2 አይካፈልም፣ ለ3 አይካፈልም፣ ለ5 አይካፈልም፣ ለ7ም አይካፈልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ይሄ ፋክተር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ግን ይሆናል፤ 13 × 37 = 481 ነው፣ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ 24። ነገሩ ይህን ማን በቀላሉ ያየዋል? ይቺን እኩልዮሽ ያዙልኝ፣ ትንሽ ቆይተን እንመለስባታለን።

የሸ² ቁጥር 1 ካልሆነ ፍለጋው ይበልጥ ይረዝማል። ለ6ሸ² − 7ሸ − 20 = 0 መጀመሪያ 6ን በ−20 አባዝታችሁ −120 ታገኛላችሁ። ከዚያ ተባዝተው −120፣ ተደምረው −7 የሚሆኑትን ታድናላችሁ። −15 እና 8 ናቸው። (3ሸ + 4)(2ሸ − 5) = 0 ይሆንና መልሱ −4/3 እና 5/2 ይወጣል። የለመደ ሰው ይህን ቶሎ ያገኘዋል። ያልለመደ ግን ግማሽ ገጽ ይጨርሳል።

የእኔ ደንብ ሃያ ሰከንድ ነው። ሃያ ሰከንድ ፈልጌ ካጣሁ ወደ ሌላ መንገድ እሄዳለሁ። ቁጥሮቹ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ለ² − 4ሀሐ የሚለውን አስልቶ ማረጋገጥም ይቻላል። እንደ 529 ያለ የሙሉ ቁጥር ስኩዌር ከመጣ ፋክተር ይሆናል ማለት ነው፤ 529 የ23 ስኩዌር ነውና። ሆኖም ያን ካሰላችሁ በኋላ ፎርሙላውን ከግማሽ በላይ ሠርታችኋልና እሱኑ መጨረስ ይሻላል።

ፈተናው ምርጫ ያለው ከሆነ ደግሞ አንዳንዴ መፍታትም አያስፈልግም። የተሰጡትን መልሶች በሸ ቦታ እያስገቡ ዜሮ የሚሰጠውን መፈለግ በቂ ነው።

ካሬ መሙላት

አሁን ወረቀትና መቀስ ብታመጡ ደስ ይለኛል። እኔ ተማሪዎቼን የማስጀምረው በዚህ ነው።

ምሳሌው የእኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ ባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ የተጠቀመበት ነው። አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው ከእሱ መጽሐፍ ርዕስ፣ «አል ጀብር» ከሚለው ነው። አልጎሪዝም የሚለው ቃል ደግሞ ከራሱ ስም ወጥቷል። ጥያቄው ይህ ነው፦

ሸ² + 10ሸ = 39

ሸ² ማለት ጎኑ ሸ የሆነ ካሬ ወረቀት ነው። ቁረጡት። ርዝመቱን አናውቀውም፤ ስለዚህ የፈለጋችሁትን ያህል ይሁን። 10ሸ ደግሞ ርዝመቱ ሸ፣ ወርዱ 10 የሆነ ቁራጭ ነው። ይህን ቁራጭ በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቁት። እያንዳንዱ ወርዱ 5 ይሆናል። አንዱን ከካሬው በስተቀኝ፣ ሌላውን ከካሬው በታች ለጥፉት።

ምን አገኛችሁ? አንድ ጥጉ የጎደለ ትልቅ ካሬ። የጎደለችው ጥግ 5 በ5 ናት፤ 25 ካሬ። እስካሁን ያለን ወረቀት በሙሉ 39 ካሬ እንደሆነ ጥያቄው ነግሮናል። ጥጓን ብንሞላት 39 + 25 = 64 ይሆናል። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ትልቁ ጎን ደግሞ ሸ + 5 ነው። እንግዲህ ሸ = 3።

አያችሁ? «ለሁለት አካፍል» የተባለው ቁራጩን ለሁለት ጎን ለማዳረስ ነው። «ስኩዌር አድርግ» የተባለው የጎደለችውን ጥግ ለመለካት ነው። «በሁለቱም በኩል ደምር» የተባለው በአንድ በኩል ወረቀት ከጨመርን በሌላውም ሒሳቡን ማስተካከል ስላለብን ነው። የሸመደድኳቸው ሦስት ትእዛዞች ትርጉም ይኸው ነበር። አንዲት ተማሪዬ ጥጓን በጣቷ እየነካች «ታዲያ ይቺን ነው የምንሞላት?» ስትለኝ፣ ለእኔ ማንም እንዲህ አድርጎ ቢያሳየኝ ኖሮ ብዬ ተቆጭቻለሁ።

ሥዕሉ አንድ ነገር ይደብቃል። ርዝመት ኔጌቲቭ ስለማይሆን ሁለተኛው መልስ ወረቀቱ ላይ አይታይም። በጽሑፍ ስንሠራው ግን (ሸ + 5)² = 64 ነው፤ ሸ + 5 = ±8፤ ሸ = 3 ወይም ሸ = −13። ያቺን ፕላስ ማይነስ መርሳት በዚህ ዘዴ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ነው።

ዘዴው ከአል ኸዋሪዝሚም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ገደማ በባቢሎን የሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈ ጥያቄ «የካሬውን ስፋትና ጎኑን ደመርኩ፤ ሦስት አራተኛ ሆነ» ይላል። መፍትሔውም የመሃሉን 1 ለሁለት መክፈል፣ ግማሹን በራሱ ማባዛትና አንድ አራተኛውን መደመር ነው። ድምሩ 1 ይሆናል፤ የ1 ስኩዌር ሩት 1 ነው፤ ግማሽ ሲቀነስ መልሱ ግማሽ ይሆናል።

አሁን ወደ 481 እንመለስ። ቋሚውን ወዲያ አሻግሩት፦

ሸ² − 24ሸ = 481

የ24 ግማሽ 12 ነው፣ ስኩዌሩ 144።

(ሸ − 12)² = 625
ሸ = 12 ± 25

37 እና −13። ሦስት መስመር ነው። 481 በምን እንደሚካፈል ማሰብ እንኳን አላስፈለገንም። በፎርሙላ ብንሄድ 576 + 1924 = 2500 ብለን፣ 50 አውጥተን፣ መልሰን ለ2 እናካፍል ነበር። መልሱ አንድ ነው፤ ግን ቁጥሮቹን አስፍተን መልሰን እናጠባቸዋለን።

ሸ² + 6ሸ − 11 = 0 ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በካሬ መሙላት (ሸ + 3)² = 20 ይመጣል፤ ሸ = −3 ± 2√5። በፎርሙላ √80 ይመጣል፣ እሱ ወደ 4√5 ይቀየራል፣ ከዚያ ሁሉም ለ2 ይካፈላል። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ማካፈል ላይ ነው። ሩቱን ለ2 አካፍሎ −6ን ይረሳዋል።

ስለዚህ የሸ² ቁጥር 1 ከሆነና የመሃሉ ለሁለት የሚካፈል ከሆነ፣ ፋክተሩም ቶሎ ካልታየ፣ ያለ ማመንታት ካሬ መሙላትን ምረጡ።

ካሬ መሙላት ጣጣ የሚሆንበት ጊዜ

3ሸ² − 5ሸ − 1 = 0 ላይ ግን ዘዴው ይከብዳል። መጀመሪያ ሁሉንም ለ3 ማካፈል አለባችሁ። ከዚያ የ5/3 ግማሽ 5/6፣ ስኩዌሩ 25/36፣ ከ1/3 ጋር ለመደመር 1/3ን ወደ 12/36 መቀየር። (ሸ − 5/6)² = 37/36 ላይ እስክትደርሱ አንድ ቦታ የመሳሳት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

ለዚህ መላ ያገኘው የሕንዱ የሒሳብ ሊቅ ሽሪድሃራ ነው። ከማካፈል ይልቅ ማባዛት። እኩልዮሹን የሸ² ቁጥር በ4 ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር አባዙት። እዚህ 4 × 3 = 12 ነው፦

36ሸ² − 60ሸ = 12

አሁን የመጀመሪያውን የመሃል ቁጥር ስኩዌር፣ ማለትም 25ን፣ በሁለቱም በኩል ደምሩ፦

(6ሸ − 5)² = 37
ሸ = (5 ± √37) ÷ 6

አንድም ክፍልፋይ በመሃል አልገባም። ይህን ዘዴ ትምህርት ቤት አለማስተማራቸው ይገርመኛል፤ እጅግ ይጠቅማል።

ፎርሙላው

አሁን የሠራነውን በቁጥር ሳይሆን በሀ፣ በለ እና በሐ ብንሠራው ምን ይሆናል? በ4ሀ እናባዛ፣ ለ²ን እንደምር፦

(2ሀሸ + ለ)² = ለ² − 4ሀሐ

ስኩዌር ሩት ውሰዱ፣ ለን አሻግሩ፣ ለ2ሀ አካፍሉ፦

ሸ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀሐ)) ÷ 2ሀ

ፎርሙላው ይኸው። ካሬ መሙላት አንድ ጊዜ ለሁሉም ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ፈተና ላይ ቢጠፋባችሁ እንኳ በሁለት ደቂቃ መልሳችሁ ታወጡታላችሁ።

መቼ ይመረጥ? የሸ² ቁጥር 1 ሳይሆን ሲቀር፣ የመሃሉ ጎዶሎ (ኦድ) ሲሆን፣ ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ሲመጡ። 4.9ሸ² − 12.3ሸ + 2.1 = 0 ዓይነቱን ፊዚክስ ላይ ስታገኙ ካልኩሌተር አንስታችሁ ፎርሙላ ውስጥ ክተቱት፤ ሌላ ነገር አትሞክሩ። መልስ ይኑረው አይኑረው ብቻ ከተጠየቃችሁም ለ² − 4ሀሐን ማስላት ይበቃል። ኔጌቲቭ ከሆነ በእውን ቁጥሮች መልስ የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ። ለ ራሱ ኔጌቲቭ ሲሆን −ለ ፖዘቲቭ ነው። ለ = −5 ከሆነ የምትጀምሩት በ5 ነው። ይቺ ምልክት የስንቱን ነጥብ በልታለች።

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ፖ-ሸን ሎ ያስተዋወቀው አቀራረብ ብዙ ተወርቶለታል። ሐሳቡ የሁለቱን መልሶች አማካይ መነሻ ማድረግ ነው። የሸ² ቁጥር 1 ሲሆን የመልሶቹ ድምር የመሃሉ ቁጥር ምልክቱ ተቀይሮ፣ ብዜታቸው ደግሞ ቋሚው ቁጥር ነው። ለሸ² + 6ሸ − 11 = 0 የመልሶቹ ድምር −6 ስለሆነ አማካዩ −3 ነው። መልሶቹን −3 + ሰ እና −3 − ሰ በሏቸው። ሲባዙ 9 − ሰ² ይሆናሉ፣ ይህም −11 መሆን አለበት፤ ሰ² = 20። ያቺ 20 ካሬ ስንሞላም መጥታ ነበር። በሌላ ልብስ የመጣ ካሬ መሙላት ነው ማለት ይቻላል፤ ፋክተር ማድረግ ለሚወድ ሰው ግን ይህ ይቀለዋል።

ካሬ መሙላት ምትክ የሌለው ቦታ

እስካሁን የተነጋገርነው ሸን ስለማግኘት ብቻ ነው። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ «ሸ ስንት ነው?» አይደለም።

40 ሜትር የሽቦ አጥር አለን እንበል። የቤቱን ግድግዳ እንደ አንድ ጎን ተጠቅመን የዶሮ ግቢ ልናጥር ነው። ወደ ግድግዳው የሚሄዱት ሁለቱ ጎኖች ሸ ሸ ከሆኑ ሦስተኛው 40 − 2ሸ ነው። ትልቁ ስፋት ስንት ካሬ ነው?

ስፋት = −2ሸ² + 40ሸ

−2ን አውጡ፦ −2(ሸ² − 20ሸ)። ቅንፉ ውስጥ ካሬ ለመሙላት 100 ያስፈልጋል። እዚህ ጥንቃቄ አድርጉ። ውስጥ 100 ስትጨምሩ ውጭ ባለው −2 ምክንያት 200 ቀንሳችኋል። ስለዚህ ውጭ 200 መልሱ፦

ስፋት = −2(ሸ − 10)² + 200

አሁን አንብቡት። ስኩዌር የሆነ ነገር ከዜሮ አይወርድም፤ −2 ሲባዛበት ከዜሮ አይበልጥም። ስለዚህ ስፋቱ ከ200 ካሬ አይበልጥም፤ 200 የሚደርሰውም ሸ 10 ሲሆን ነው። ሁለቱ ጎኖች 10፣ 10 ሜትር፣ ረጅሙ 20 ሜትር። ለምን ያ ትልቁ እንደሆነ ጭምር ተጽፎላችኋል።

ክብ ላይም እንዲሁ ነው። ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና የሚወስዱ ልጆች ይህን በተደጋጋሚ ያገኙታል፦

ሸ² + የ² − 6ሸ + 8የ − 11 = 0

መሃሉና ሬዲየሱ ስንት ነው? እዚህ ፋክተርም ፎርሙላም አያደርሳችሁም። ሸዎቹን ለብቻ፣ የዎቹን ለብቻ ሰብስቡና ሁለት ካሬ ሙሉ። 9 እና 16 ይጨመራሉ፦

(ሸ − 3)² + (የ + 4)² = 36

መሃሉ (3፣ −4)፣ ሬዲየሱ 6። ዲጂታሉ ኤስኤቲ ውስጥ ዴስሞስ የሚባል የግራፍ ካልኩሌተር አብሮ ስላለ ክቡን ስሎ ማየትም ይቻላል። መጠቀሙን አልቃወምም። ነገር ግን ግራፍ √5ን እንደ 2.236 ነው የሚያሳያችሁ፤ ትክክለኛውን መልስ በሩት ጻፉ ከተባለ ወደ እጅ ሥራ መመለስ አለ። ካልኩሌተር በማይገባበት ፈተና ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

እስቲ ምረጡ

ከታች ያሉትን ከመፍታታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ መንገድ ምረጡ። መልሱን ቀጥሎ ጽፌዋለሁ፣ በእጃችሁ ሸፍኑት።

5ሸ² − 45 = 0። የመሃል ሸ የለም፤ በቀጥታ ስኩዌር ሩት፣ ±3።

ሸ² − 9ሸ + 20 = 0። ፋክተር፤ 4 እና 5።

ሸ² + 2ሸ − 399 = 0። 399ን በመበተን ጊዜ አታጥፉ። የ2 ግማሽ 1 ነው፤ (ሸ + 1)² = 400፤ መልሱ 19 እና −21።

2ሸ² + 3ሸ − 4 = 0። 2 አለ፣ 3 ጎዶሎ ነው፤ ፎርሙላ። (−3 ± √41) ÷ 4።

ሸ² + 4ሸ + 9 = 0። ፋክተር የሚፈልግ አያገኝም። ፎርሙላ የሚጠቀም ሩት ውስጥ −20 አግኝቶ ይቆማል። ካሬ የሚሞላ ግን (ሸ + 2)² + 5 ብሎ ይጽፋል። ይህ ደግሞ ሸ ምንም ቢሆን ከ5 በታች አይወርድም፤ ዜሮ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም።